ከወንድ ጋር ወሲብ የሚፈጽሙ ወንዶች ጤናና የባለሙያው ኃላፊነት

የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ተመሳሳይ ጾታ መሳብን ከሕመሞች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ይሁን እንጂ ከወንድ ጋር ወሲብ የሚፈጽሙ ወንዶች ከሌሎች ወንዶች ይበልጥ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሐሳብ እንደሚጋለጡ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ።

የዚህ ምክንያት በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ሥነ ሕይወታዊ ነው፤ የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ስስ በመሆኑ፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር ያለ ኮንዶም ከሚደረግ 10,000 ግንኙነት በግምት በ138ቱ ቫይረሱ ወደ ተቀባዩ ይተላለፋል፤ በሴት ብልት በሚደረገው ግን ወደ ሴቷ የሚተላለፈው በ8ቱ ገደማ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ያደርገዋል። በያቤሎና በሞያሌ መካከል እንደምትገኘው እንደ ሜጋ ባለች፣ ሰው በሚተዋወቅባት ከተማ፣ ሕመምተኛው የፊንጢጣ ቁስሉን «ኪንታሮት ነው» ብሎ ሊሸፍነው ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያው ለብቻው ያነጋግረው፤ «ግንኙነትዎ ከሴት፣ ከወንድ ወይስ ከሁለቱም ጋር ነው?» ብሎ ሳይፈርድ ይጠይቀው፤ ስለ ድብርትም ይጠይቀው። ቫዝሊንና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ስለሚያበላሹ በውኃ የተዘጋጀ ማለስለሻ እንዲጠቀም ይምከረው። ምስጢሩንም ይጠብቅ፤ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ባለሙያ ያስቀጣልና።