የወለል ሠሪው ቤተ ሰብና የሙያ ማኅበር

በዚህ መጽሔት ስለ አገር ዕድገትና ስለ ተማሪው ኃላፊነት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ከእግራችን በታች ያለ ነው፤ ይኸውም ወለል ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ፓርኬና ስለ ሊሾ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። እዚህ የምማረው በአባቴና በአጎቴ ጉልበት ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአዲስ አበባ ፓርኬና ሴራሚክ እያነጠፉ ይኖራሉ። እናቴ ሒሳቡን ትይዛለች፤ ታላቅ ወንድሜ አብሯቸው ይሠራል፤ እኔም በዕረፍት ጊዜ ተንበርክኬ ዞኮሎ እለጥፋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር አንድ ባለ ቤት ለእንቁጣጣሽ አዲሱ ቤታቸው ለመግባት ቸኮሉ። ሊሾው ከፈሰሰ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። አባቴ «ጌታዬ፣ ሲሚንቶው አልደረቀም፤ ጥቂት ይታገሡ» ቢላቸው ወለሉን በእጃቸው ዳሰሱና «ይኸው ደርቋል፤ ካልቻልክ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ» አሉት። አባቴ የቤት ኪራዩንና የሠራተኛውን ደመወዝ አስቦ ሥራውን ሠራ። በመስከረም መጨረሻ ፓርኬው አብጦ እንደ ግመል ሻኛ ተነሣ። ባለ ቤቱ ቀሪውን ሒሳብ ከለከሉ፤ አባቴም በራሱ ወጪ ነቅሎ እንደ ገና አነጠፈ። በዚያ ዓመት ታላቅ ወንድሜ የማታ ትምህርቱን አቋረጠ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰበትም።

ጥፋቱ የማን ነበር? ባለ ቤቱ ቸኩለዋል፤ አባቴም እያወቀ ሠርቷል። ነገር ግን ያወቀውን በቃሉ ከመናገር በቀር በመለኪያ ማሳየት አልቻለም። ሊሾ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚደርቀው ላዩ ነው፤ ውሃው ከታች ይቆያል። በላዩ እንጨት ሲለጠፍበት የታፈነው እርጥበት ወደ እንጨቱ ይወጣል። እንጨትም ውሃ ሲጠጣ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ጣውላዎቹ እርስ በርስ ይገፋፉና መሄጃ ሲያጡ ወደ ላይ ይነሣሉ።

ይህን ነገር ሌሎች አገሮች በቁጥር ወስነውታል። በብሪታንያ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ልማድ እስከ 50 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ሊሾ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር አንድ ቀን መቁጠር ነው። እንግዲህ 5 ሳንቲሜትር ሊሾ አየሩ ደኅና ሆኖ እንኳ 50 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያም በኋላ የእርጥበት መለኪያ በወለሉ ላይ ታፍኖ ይቀመጣል፤ ንባቡ ከመቶ 75 ካልወረደ ንጣፍ አይለጠፍም። በአሜሪካም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንጨት ወለል ማኅበር ተመሳሳይ ደንብ አለው። የእንጨት ንጣፍ በእንጨት መደብ ላይ ሲመታ፣ ጣውላው ከ3 ኢንች የጠበበ ከሆነ የሁለቱ የእርጥበት ልዩነት ከመቶ 4፣ 3 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከመቶ 2 እንዳያልፍ ያዛል።

የማኅበር የመጀመሪያ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። አንድ ቤተ ሰብ ለብቻው «አልሠራም» ቢል እንጀራውን ለጎረቤቱ አሳልፎ ይሰጣል። የሙያው ሰዎች ሁሉ በአንድ ደንብ ከተያያዙ ግን «ሌላ እፈልጋለሁ» የሚለው ቃል ጉልበት ያጣል፤ ሌላውም ሠራተኛ ያንኑ መለኪያ ይዞ ይመጣልና። አባቴም «የማኅበራችን ደንብ ይከለክለኛል» ብሎ ያለ ጠብ ሊመልስ ይችል ነበር። ባለ ቤቱም ቢሆኑ ይጠቀሙ ነበር፤ እንቁጣጣሽን በአሮጌው ቤት ቢያሳልፉ ጥቅምትን በደኅና ወለል ላይ በቆሙ።

ሁለተኛው ጥቅም በክርክር ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚሠራ ተቋራጭ ለሥራው ደኅንነት 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ለአንድ ቤተ ሰብ 10 ዓመት ረጅም ሸክም ነው። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ እንቀመጣለን፤ ሽማግሌዎቹ ሰውን ማስታረቅ ያውቃሉ፣ እንጨቱ ለምን እንዳበጠ ግን አያውቁም። የአሜሪካው ማኅበር ወለል መርማሪዎችን አሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ መርማሪውም መርምሮ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል። ሽማግሌም ሆነ ዳኛ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። በቤተ ሰብ ሥራ ልጅ የሚማረው አባቱ የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ የአባቱንም ስሕተት አብሮ ይወርሳል። ማጣበቂያውና የንጣፉ ዓይነት በየጊዜው ይለወጣል። ማኅበር ግን የአንዱን ቤት ኪሳራ ለሌላው ቤት ትምህርት ያደርገዋል።

ይህን ስል ማኅበር ሁሉ ደግ ነው ማለቴ አይደለም። አዳም ስሚዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ የአንድ ሙያ ሰዎች ሲሰበሰቡ ዋጋ ለማስወደድ እንደሚዶልቱ አስጠንቅቋል። መዋጮ ሰብስቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ብቻ የሚያድል ማኅበርም ለማንም አይበጅም። ስለዚህ የማኅበር መመዘኛው ሁለት ነው፤ ሲገቡ ይፈትናልን? ሲያጠፉስ ያስወጣልን?

በአገራችን የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ለንግድ ክርክርም የግልግል ዳኝነት የሚሰጥ ክፍል አለው። ትልልቆቹ ተቋራጮችም ማኅበር አላቸው። ችግሩ እንደ እኛ ያለው ቤተ ሰብ በሩን አለማንኳኳቱ ነው። ይህን ለአባቴ ባነሣበት «ልጄ፣ ማኅበር ማለት መዋጮ ነው፤ እኔን እድሬ ይበቃኛል» አለኝ። እኔም «አባዬ፣ እድር የተቋቋመው አንድ ቤት ሐዘኑን ለብቻው ስለማይችል አይደለምን? ያን የመስከረም ኪሳራስ ለብቻችን ቻልነውን?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። አጎቴ ግን «ልጁ እውነቱን ነው» አለ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ብዙዎቻችን ከእንዲህ ያለ ቤት የመጣን ነን። የሕግ ተማሪው አጭር የውል ወረቀት ሊያዘጋጅ፣ የምሕንድስናው ተማሪ የእርጥበት መለኪያ አጠቃቀም ሊያሳይ፣ እኛም መምሪያውን በሚገባ አማርኛ ልንጽፍ እንችላለን። እኔ በአንድ ገጽ ጀምሬአለሁ። በላዩ ሦስት መሥመር አለ፤ ሊሾው የፈሰሰበት ቀን፣ የእርጥበቱ ልክ፣ የሁለቱ ወገን ፊርማ። አባቴ አሁን ያለዚያ ወረቀት ቀብድ አይቀበልም። የቀረው ጎረቤቱ ፓርኬ ሠሪም ያንኑ ወረቀት እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ማኅበር የሚጀምረውም ከዚያ ነው።