ሾክ ዌቭ እና የወላይታ እግር

ሾክ ዌቭ የሚባለው ሕክምና የተጀመረው ለቁስል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የጀርመን ሐኪሞች ሙኒክ ውስጥ፣ ከሰውነት ውጭ በተፈጠረ የግፊት ሞገድ የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና ሰባበሩ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ የተቀነሰው ሞገድ ወደ ጅማትና አጥንት፣ ቀጥሎም ወደ ቆዳ ተሻገረ። ቁስል ላይ የሚሰብረው ነገር የለም። ሕዋሳቱን ሲነካካቸው አዳዲስ የደም ሥሮችን የሚያበቅሉ ንጥረ ነገሮች ይመነጫሉ፤ ለወራት ባለበት የቆመ ቁስል ዳግም መጠገን ይጀምራል ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደርማፔስ ለተባለው መሣሪያ ፈቃድ ሰጠ፤ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል። 336 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ በ24 ሳምንት ውስጥ ቁስሉ የተዘጋለት ከታከሙት 44 በመቶው፣ የማስመሰያ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 30 በመቶው ነበር።

ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን 30 በመቶው ነው። ሞገድ ሳይነካቸው ከሦስት አንድ ግድም ሰዎች ድነዋል፤ ቁስላቸው ስለጸዳ፣ በወጉ ስለታሰረ፣ እግራቸውም ክብደት ከመሸከም ስላረፈ። ማሽኑ የሚመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ተደርቦ ነው።

ወላይታ ውስጥ የእግር ነገር ሲነሣ ከስኳር ይልቅ ቀድሞ የሚመጣው ዝሆኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በዞኑ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው የዝሆኔ ዓይነት የተያዘ መሆኑን አሳይቷል። በሽታው ትንኝ የሚያስተላልፈው ዝሆኔ አይደለም፤ ትልም ጀርምም አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። መነሻው ቀዩ አፈር ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ ብዙ ዝናብ በሚጥልበት አገር፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ሸክላ ደቃቅ ማዕድኑን በባዶ እግር ቆዳ በኩል ያሰርጋል። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ጀርም ሲገባ ሕመሙ ይነሣል፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቀናት የሚፈጅ አልጋ ላይ መዋል። እንሰቱን የሚተክለው፣ ድንቹን የሚቆፍረው፣ ውኃ የምትቀዳው ሁሉ ከዚሁ አፈር ላይ ነው የሚውለው።

ይህንን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈልፍለው ያወጡት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ የተወሰኑ ዘረመሎች ለበሽታው እንደሚያጋልጡ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። እውነት ነው፤ ሁለት ስለት ያለው እውነት ግን። ድሮም «በዘራቸው አለ» ተብሎ ከጋብቻ የሚገለለው ቤተሰብ ይህ ዜና ተቆርጦ ሲደርሰው ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም። የተቆረጠው ግማሽ ዋናው ነው፦ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደውም ቢሆን ከልጅነቱ ጫማ ከተጫማ አይታመምም።

ገንዘቡም ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በሽታው 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖርበት የነበረውን ዞን በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያሳጣዋል ይላል። ሕክምናው ግን ርካሽ ነው። በሚሲዮናዊው ሐኪም በናታን ባርሎው አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1998 ሶዶ ላይ የተጀመረው ፕሮጀክት ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውኃ ውስጥ እግርን መዘፍዘፍ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ጣት ለጣት ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። ለአበጠ እግር የሚሆን ጫማ ገበያ ላይ ስለማይገኝ በልክ የሚሰፉ ሰዎች ሠለጠኑ። ካገገሙት መካከልም ሌሎችን የሚያስተምሩ ወጡ፤ በእኔ ግምት የፕሮጀክቱ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ የተገለለን ሰው በር አንኳኩቶ የሚገባው ራሱ የተገለለ ሰው ነውና።

እንግዲህ ማሽኑ ወላይታ ሶዶ ቢመጣ? ሆስፒታሎቹ ለሚያክሟቸው የስኳር ሕመምተኞች ይጠቅም ይሆናል። በአሜሪካው ፈቃድ መሠረት ግን ቁስሉ ከ16 ካሬ ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ሕክምናውም ከመደበኛው እንክብካቤ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት። ፈቃዱ ለስኳር ቁስል ነውና ዝሆኔ የያዘው ገበሬ እግር በዚህ መስፈርት ውስጥ አይገባም። ሳሙናው፣ በረኪናውና ፋሻው በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ እስኪገኝ ድረስ በጀቱ ወደ ማሽን መሄድ የለበትም ባይ ነኝ።

ይህን ስል ሳሙና ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣው የምሥራቅ ጎጃም ሙከራ ከ690 በላይ ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ይህንኑ እንክብካቤ ያገኙት ሕመሙ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው፤ ያላገኙት 23.9 ጊዜ። አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አልጋ ላይ መዋል ግን አሁንም አለ። ሾክ ዌቭም ሆነ ሌላ አዲስ ሕክምና ይህን ቁጥር መቀነሱ በዚሁ በሽታ በተያዙ እግሮች ላይ መፈተሽ አለበት፤ ለስኳር ቁስል የተገኘ ውጤት ለዝሆኔ መልስ አይሆንም።