ከቆሼ ጎን የቆመው የመብራት ጣቢያ

በመሐል ሜዳና በዙሪያው ባለው የመንዝ ደጋ እበት ቆሻሻ ተብሎ አያውቅም። ሴቶች በእጃቸው ጠፍጥፈው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ ኩበት ሆኖ ይከመራል። እንጀራው የሚጋገረው፣ የደጋው ብርድ የሚመከተው በእሱ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ምድጃ የገባ እበት ለገብሱ ማሳ ፍግ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ የከተማ ቆሻሻ አንድዶ መብራት የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያም በዚሁ ዓይን ቢታይ ይገባዋል፦ ከሚሰጠው ባሻገር ምን ይፈጃል? ከምንስ ይገላግላል?

ጣቢያው የተሠራው ከተማዋ ከ50 ዓመት በላይ ጥራጊዋን ስትከምርበት ከኖረችው ከቆሼ አጠገብ ነው። ግንባታው ገና ሳያልቅ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተናደና ከሥሩ የነበሩትን መኖሪያ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ከዓመት ከአምስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ጣቢያውን መረቁት። ካምብሪጅ ኢንዱስትሪስና አንድ የቻይና ተቋራጭ የገነቡት፣ የዴንማርኩ ራምቦል በአማካሪነት የተሳተፈበት ይህ ጣቢያ በዓይነቱ ለአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ሰፈር ውስጥ ነው። ከየቤቱ በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ የወጣው ጥራጊ በጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳው በመኪና ወደ ረጲ ይሄዳል። መኪናው በር ላይ ይመዘንና ጭነቱን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገለብጣል። ከላይ የተንጠለጠለው ክሬን በብረት ጥፍሮቹ እየዘገነ ያገላብጠዋል፤ እርጥቡ ከደረቁ ካልተደባለቀ እሳቱ አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይደክማል። ከዚያ ቆሻሻው በሚንቀሳቀስ የብረት ርብራብ ላይ እየተገፋ ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ ከ850 ዲግሪ ሴልሲየስ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ መርዛማ ጋዞች ሳይቃጠሉ ያመልጣሉ። በዚህ ሙቀት ውኃ በቦይለር ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ተርባይን ያሽከረክራል። ጭሱ ደግሞ ተጣርቶ በረጅሙ ጭስ ማውጫ ይወጣል። የሚቀረው አመድ የሚይዘው ቦታ የገባው ቆሻሻ ከያዘው አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው።

የታለመለት በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲፈጅ ነው። የማመንጨት አቅሙ ግን ወደ 25 ሜጋዋት ነው፤ የዓባይ ግድብ አቅም 5,150 ሜጋዋት መሆኑ ሲታሰብ ከሁለት መቶ አንድ እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ረጲን በሜጋዋት መለካት ያሳንሰዋል። ጣቢያው መመዘን ያለበት ዳግመኛ ሰው ላይ እንዳይናድ ባስቀረው ክምር ነው፤ መብራቱ የዚያ ምርቃት ነው።

በዚህም ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከምረቃው በኋላ ሥራው የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ቴክኖሎጂው ራሱ የመጣው ጥራጊው ባብዛኛው ወረቀት፣ ካርቶንና ፕላስቲክ ከሆነበት አገር ነው። የአዲስ አበባ ገንዳ ግን የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ ይበዛዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናብ ይጨመርበታል። ምድጃው ውስጥ ከሚፈጠረው ሙቀት ብዙው ይህንን ውኃ ለማትነን ይውላል። ደረቁ ካርቶንና ፕላስቲክም ገና ሰፈር ሳለ በቁራሌዎችና በለቃሚዎች እጅ ይለቀማል። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ሊነካም አይገባም። ይልቅ እርጥቡ ከየቤቱ ተለይቶ ወጥቶ ኮምፖስት ቢሆን ምድጃውም ይቀናዋል፣ አፈሩም ይጠቀማል።

ጉዳዩ ለመንዝም ሩቅ አይደለም። መንዝ ባለበት በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ደብረ ብርሃን በኢንዱስትሪ ፓርኳ፣ በቢራና በብርድ ልብስ ፋብሪካዎቿ ዙሪያ በፍጥነት እየሰፋች ነው። የረጲን ያህል ጣቢያ አያስፈልጋት ይሆናል፤ የሚበቃ ጥራጊም የላትም። ለጊዜው የሚያስፈልጓት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መጣያ ቦታዋ በር ላይ የሚቆም የመኪና ሚዛንና በየቤቱ እርጥቡንና ደረቁን ለይቶ የሚወስድ ጋሪ። ሁለቱም በከተማ አስተዳደር በጀት የሚደረስባቸው ናቸው።