ዱንጉዛ፦ ቀለም የሚጎራበትበት ልብስ

ሴቻ የአርባ ምንጭ የላይኛው ክፍል ነው፤ ሲቀላ ከሥሩ ተዘርግታለች። ከሴቻ አፋፍ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ይገጥሙታል፤ አባያ ደለል የተሸከመ ቡኒ፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላ። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ከፍታ ተጋድሟል። ጫሞ ብቻውን ቢሆን ያን ያህል ሰማያዊ አይመስልም ነበር፤ ያጎላው የአባያ ቡኒ ነው። የጋሞ ሸማኔዎች የሚሠሩት ዱንጉዛም በዚሁ ሕግ የቆመ ልብስ ነው። ጥቁሩ፣ ቀዩና ቢጫው አይቀየጡም፤ ይጎራበታሉ። የሸማኔውን ጥበብ መፈለግ ያለብንም ከማቅለሚያው ድስት ሳይሆን ከዚህ ጉርብትና ይመስለኛል።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ዱንጉዛን ጥቃቅን ጌጥ ከሚወድ ሌላ ሙያ ጋር ሲያስተያዩት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚሠሩ፣ ብዙዎቹ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የወታደርና የአውሬ ምስሎችን በእጃቸው የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ቀቢው ቀለሙን በውሃ ያቀጥናል፣ በስሱ ይደራርባል፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ያስጠጋል፤ ልፋቱ ሁሉ ቀዩ ወደ ጥቁር የተሻገረበት ድንበር እንዳይታወቅ ነው። ከሳተም በላዩ ይቀባበታል። ሸማኔው ይህ ዕድል የለውም። ክሩ እጁ የሚገባው ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ቀለሙ ቁርጥ ሆኖ ነው። ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። ጥለት ማስገባት ሲጀምር ግን የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር በመካከላቸው ያሳልፋል። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚሻገሩ እውነተኛ ሰያፍ መስመር እዚህ አይገኝም፤ ከሩቅ ሹል ጥርስ የሚመስለው ቅርጽ ቀርበው ቢያዩት ደረጃ ነው። በየረድፉ ስንት ክር እንደሚዘለልና ስንት እንደሚያዝ ሸማኔው በቃሉ ይዞታል። አንድ ቆጠራ ቢያመልጠው ጥርሱ ይጣመማል፤ ማረሚያውም እስከ ስህተቱ ድረስ መፍታት ብቻ ነው።

የቀለም ጉርብትና ዓይንን ምን እንደሚያደርገው በጥናት ያሳየው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል ነው። በ1824 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ ጥቁሩ ክር ይደበዝዛል የሚል ስሞታ ገጠመው። ማቅለሚያውን መረመረ፤ ጥፋት አላገኘበትም። ጥቁሩን ያደከሙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። ይህንኑ አስፍቶ በ1839 ያወጣው መጽሐፍ ለሠዓሊዎች ሳይቀር መመሪያ ሆነ። በዚህ ዓይን ዱንጉዛን እንየው። ከጥቁር አጠገብ ከቢጫ የበለጠ የሚደምቅ ቀለም ማግኘት ይከብዳል፤ ቢጫው ጥቁሩን ያጠቁረዋል፣ ጥቁሩም ቢጫውን ያበራዋል፣ ቀዩ ደግሞ በብርሃኑ መጠን በሁለቱ መካከል ይገባል። ዱንጉዛ የለበሰ ሰው በብዙ ሕዝብ መሃል ከሩቅ የሚለየው ለዚህ ነው። የጋሞ ሸማኔ ይህን ከሼቭረል አልተማረም፤ እንዲያውም ሼቭረልን ያነቃው የሽመና ችግር ነበር።

ሸማኔው የወረሰውን ይደግማል እንጂ አይፈጥርም የሚሉ አሉ። ንድፉ የወል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቀለሙ ሦስት ብቻ ሲሆን የቢጫው መስመር በሁለት ክር መወፈሩ ወይም መቅጠኑ የልብሱን መልክ ይለውጠዋል፤ ባለሙያና ጀማሪ የሚለዩትም እዚያ ላይ ነው። የፋብሪካ ክር የገባበት ዱንጉዛ ምኑን ባህላዊ ሆነ የሚለው ሙግት ይበልጥ ይከብዳል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉ፣ ወንዶች ይሸምኑ የነበረበት የሥራ ክፍፍል በዚሁ ክር ምክንያት መላላቱ አይካድምና። ሆኖም ከፋብሪካ የመጣው ክሩ እንጂ ቆጠራው አይደለም። የሚያብለጨልጭ ክር ሲበዛ ድንበሩን እንደሚያውከው ግን አልክድም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ከገበያ የሚመጣው ነው። ከውጭ የሚገባ፣ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ከሩቅ ያው ይመስላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ከዶርዜና ከጨንቻ ወርደው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሚሸምኑት ሰዎች ይህ የእንጀራ ጉዳይ እንጂ የውበት ክርክር አይደለም። ገዢውም ባቅሙ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው ከተባለ ግን ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው። በታተመው ላይ ቀለሙ የተቀመጠው ከፊት ነው፤ ጀርባው ገርጥቷል፣ የጥርሱ ጠርዝም የቀለሙን እንጂ የክሩን መንገድ አይከተልም። በተሸመነው ላይ ግን ቢጫው ራሱ ክር ስለሆነ ጨርቁን ሰንጥቆ ወደ ጀርባ ያልፋል፤ ደረጃዎቹም አንድ በአንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ።