የገጽ መግለጫ ፋይልና አንባቢው ፕሮግራም

አንድ ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ወደ ማተሚያ መኪና ሲላክ፣ እያንዳንዱ ፊደልና መስመር በገጹ ላይ የት እንደሚውል የሚነግር ቋንቋ ያስፈልገዋል። ይህም የገጽ መግለጫ ቋንቋ ይባላል። ከነዚህ ስመ ጥር የሆነው፣ አዶቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት ነው።

የፖስትስክሪፕት ፋይል ራሱ ፕሮግራም ነው፤ ገጹ የሚታወቀው ትእዛዙ ተራ በተራ ከተፈጸመ በኋላ ነው። በ1993 የወጣው ፒዲኤፍ ግን እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው ስለሚገልጽ፣ መቶኛውን ገጽ ለማየት የፊተኞቹን ማስኬድ አያሻም። በ2008ም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በአንጻሩ አፕል በ2022 ባወጣው ማክኦኤስ ቬንቹራ፣ ፕሪቪው የተባለው ፕሮግራም ፖስትስክሪፕትን መክፈት አቆመ። ጎስትስክሪፕት የተባለው ፕሮግራም ግን ዛሬም ያነበዋል፤ ወደ ፒዲኤፍም ይለውጠዋል።

ነገሩ እኛንም ይነካል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ብዙዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የፊደሉን ቅርጽ ያስቀመጡት ለላቲን ፊደል በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ነበር። ስለሆነም ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ካልተካተተ፣ ፋይሉ ቢከፈት እንኳ አማርኛው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ የቆየ የጥናት ጽሑፍ በፖስትስክሪፕት ያስቀመጠ ሁሉ፣ አንባቢው ፕሮግራምና ፎንቱ ሳይጠፉ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠው፤ ፎንቱንም ያካትት፤ በወረቀት ከታተመው ጋርም ገጽ በገጽ ያመሳክር።