ሞግዚቷ መርከብና ቺፍ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ብሎክ፣ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚንኳኳው የኮሚቴው ሰብሳቢ በር አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት የቺፍ በር ነው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን ከጎረቤቱ ግማሹ እንኳ የሚያውቀው አይመስለኝም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ቺፍ ነው የሚሏቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ኮስታራ ናቸው፤ ሰላም ሲሉን እንኳ የጠፋባቸውን ዕቃ የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ባለፈው ክረምት ፓምፑ እየጮኸ ብሬከር ማውረድ ጀመረ። የመጣው ባለሙያ ሁለት ደቂቃ አየና "ሞተሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ" ብሎን ሄደ። መዋጮው በየቤቱ ሊሰላ ሲል ቺፍ ወረዱ። በግራ እጃቸው የደረጃውን ብረት፣ በቀኛቸው ረጅም ካቻቢቴ ይዘዋል። እጀታው ላይ ሲባጎ ታስሯል፤ የሲባጎው ሌላ ጫፍ አንጓቸው ላይ ተጠምጥሟል። ፓምፑ የተተከለው ማጠራቀሚያው አፍ ላይ ስለሆነ ከእጅ ያመለጠ ሁሉ ቀጥታ ውኃ ውስጥ ይገባል። እኔ ለማየት ጎንበስ ስል "አንተ! መጀመሪያ ከሸሚዝህ ኪስ እስክሪብቶውን አውጣ" አሉኝ።

አስነሱት አሉ። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ያለበት ቦታ ላይ ተክለው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። ሌላ እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ሁላችንም ጸጥ አልን። ከፊት አዳመጡ፤ ከኋላ አዳመጡ። ብሬከሩ ወረደ።

"የኋላው ኩሽኔታ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም።"

ከእኔ ጋር የወረደው የእህቴ ልጅ "ጋሼ ቺፍ፣ ልክ እንደ ቺፍ ታይሮል ናቸው" አለ። ልጁ ሰሞኑን ባትልስታር ጋላክቲካ የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ይዟል። ጋላክቲካ በጠፈር የምትጓዝ የጦር መርከብ ናት፤ ቫይፐር የሚባሉ ተዋጊዎችን በሆዷ ተሸክማ ትዞራለች። ታይሮል ደግሞ የአውሮፕላኖቹ ማደሪያ አለቃ፣ የመካኒኮቹ ራስ ነው። መርከቧ ቤቷ ጠፍቶባት፣ መለዋወጫ የሚልክላት ዓለም ሳይኖር ነው የምትሄደው፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ከትርፍራፊ ዕቃ አዲስ መንኮራኩር እስከ መሥራት ይደርሳል። ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተረከላቸው። ቺፍ እየጠረጉ አዳመጡና "ያቺ መርከብ የት ነው መልሕቅ የምትጥለው?" አሉ።

"ጠፈር ላይ ናት፤ አትጥልም።"

"እንግዲያው መካኒኩ ጎበዝ ነው" ብለው ወደ ብሎናቸው ተመለሱ።

እኔ ግን የልጁን ምሳሌ ወድጄው ቀረሁ፤ ሳያውቀው ነበር የተጠጋው። ኢትዮጵያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ቺፍ ከአብዮቱ በፊት በወጣትነታቸው የገቡባት መርከብ ግን የአውሮፕላን ተሸካሚዎች የሥጋ ዘመድ ነበረች።

የባሕር ኃይላችን ባንዲራ መርከብ ስሟ "ኢትዮጵያ" ነበር፤ መለያ ቁጥሯ ኤ-01። ወደ 95 ሜትር ትረዝማለች፤ የኛ ዓይነት ሁለት ብሎክ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጥሉ የሚደርሱባት አይመስለኝም። ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ ወደ 2,600 ቶን ይጠጋል። ባሕር ኃይሉ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች። የተሠራችው ግን ለእኛ አልነበረም፤ ለመርከብነት ብቻም አልነበረም። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አጠገብ ባለችው ሆውተን ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1944 ጥር ላይ "ኦርካ" በሚል ስም ሥራ ጀመረች። ሥራዋም የአውሮፕላን ሞግዚትነት ነበር።

ሞግዚት ያልኩት ለማሳመር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ካታሊና የሚባሉ፣ ሆዳቸው እንደ ጀልባ ሆኖ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሯቸው። የክንፋቸው ስፋት ከ31 ሜትር በላይ ነው። ሩቅ በረው ጠላት ይቃኛሉ፤ ባሕር ላይ የወደቀ ሰው ያነሣሉ። ማኮብኮቢያ አያስፈልጋቸውም፤ ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ ይበቃቸዋል። ወሽመጥ ግን ነዳጅ የለውም፤ መኝታ የለውም፤ መካኒክ የለውም። ስለዚህ እነ ኦርካ ቀድመው ሄደው መልሕቅ ይጥላሉ፤ አውሮፕላኖቹ እንደ ጥጃ ዙሪያቸውን በየተንሳፋፊው ይታሰራሉ። መርከቧ ነዳጅ ታጠጣቸዋለች፤ ጥይትና ቦምብ ታስታጥቃቸዋለች፤ አብራሪዎቹን አብልታ ታስተኛለች፤ የተሰበረውን ትጠግናለች። ይህ ዓይነት መርከብ ሲነደፍ ከ300 ሺህ ሊትር በላይ የአውሮፕላን ነዳጅ እንዲይዝ ነው፤ ከጅቡቲ በሚመጡት ቦቴዎች ቢሰላ ስድስት ሰባት ቦቴ ይሆናል። ኦርካ በዚህ ሥራ እስከ ፊሊፒንስ ባሕር ድረስ ዘምታለች።

አውሮፕላን ተሸካሚ ልጆቹን አዝሎ ይሄዳል፤ ሞግዚቷ ጎጆ ትሠራና ትጠብቃለች። መካኒኩ ላይ የሚወድቀው ጣጣ ግን ያው ነው፤ ምናልባትም እዚህ ይብሳል። ካታሊናው የሚታሰረው ውኃ ላይ ነው። መካኒኩ ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ ሞገድ እያወዛወዘው፣ ሞተር ይፈታል። ከእጁ ያመለጠው መፍቻ ወለል ላይ አይወድቅም፤ ባሕሩ ይውጠዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ መሣሪያ በገመድ ከእጅ ይታሰራል፤ ሥራ ሲያልቅም ይቆጠራል። አንድ መፍቻ ከጎደለ ሁለት አማራጭ አለ፤ ወይ ባሕር ውስጥ ነው፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ነው። ሁለተኛው እንዳልሆነ ሳይረጋገጥ አውሮፕላኑ አይነሣም። የቺፍ ሲባጎ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። እሳቸው ራሳቸው ካታሊና ጠግነው አያውቁም፤ ሲባጎውን የወረሱት ካስተማሯቸው ሰዎች ነው።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ኢትዮጵያ የባሕር በር አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ ሰፈሩም ምፅዋ ሆነ። የኖርዌይ መኮንኖች ለማስተማር መጡ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኦርካን ሰጠችን፤ ስሟ ተቀየረ። በሚንሳፈፍ አውሮፕላን የሚዘምት አልነበረንምና ሞግዚቷ ሥራ ቀየረች፤ አሁን የምታሳድገው ዕጩ መኮንኖችንና ወጣት ባሕረኞችን ሆነ። በየዓመቱ በባሕር ኃይል በዓል የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቭየት የጦር መርከቦች ምፅዋ ሲሰበሰቡ ጌጠኛዋ አስተናጋጅ እሷ ነበረች። ዳንቴል የመሰለ ባንዲራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተንጠለጠለባትን ፎቶግራፍ ብዙ ሰው አይቶ ይሆናል።

ከባንዲራው ስር፣ ከሁለት ፎቅ በታች፣ የቺፍ ዓለም ነበር።

"ቺፍ" በአሜሪካኖቹ የባሕር ኃይል ወግ ማዕረግ ነው። ባለ ማዕረጉ መኮንን አይደለም፤ ተራ ባሕረኛም አይደለም። በምድር ጦር ሻምበል ባሻ ሲባል የሚታየንን ዓይነት ሰው ማሰብ ነው፤ ሻለቃው የሚያዘውን እሱ ነው የሚያስፈጽመው፤ ሻለቃው የማያውቀውንም እሱ ነው የሚያውቀው። የሞተር ክፍል ቺፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመርከቡ ሰው ሁሉ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ያነሰ ነው።

መርከቧን የሚገፉት የናፍታ ሞተሮች ናቸው፤ በሁለት ዘንግ ወደ 6 ሺህ የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ፤ በ18 ኖት፣ በሰዓት ወደ 33 ኪሎ ሜትር ያስኬዷታል። የእኛ አንበሳ አውቶቡስ መንገድ ሲያገኝ ይቀድማታል፤ ግን አውቶቡስ 2,600 ቶን አይመዝንም፤ ቆሞም መካኒክ ይጠራል። ፈረቃው አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ነው። በየሰዓቱ የዘይቱ ግፊት፣ የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት፣ የጭሱ ሙቀት ይነበባል፤ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ቀይ ባሕር ለዚህ ሥራ አይመችም። ሞተር የሚቀዘቅዘው በባሕር ውኃ ነው፤ በሙቀቱ ወራት የምፅዋ ባሕር ራሱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ለብ ባለ ውኃ የጋለ ሞተር ማብረድ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከታች የቆመው ነው።

ቺፍ አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ ስለ ዚንክ ነገሩኝ። ስለ ፖለቲካ የማያወሩ ሰው ስለ ዚንክ ግማሽ ሰዓት ይችላሉ። ጨዋማ ውኃ በተለያየ ብረት መካከል ሲያልፍ እንደ ባትሪ ይሆንና ደካማውን ብረት ይበላዋል። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ሆን ተብሎ የዚንክ ቁራጭ ይደረጋል፤ ጨው ዚንኩን ሲበላ መዳቡ ይተርፋል። ዚንኩ በየጊዜው ተፈትቶ ይታያል፤ ከግማሽ በላይ ካለቀ ይቀየራል። "ፈትቼ ሳየው ሙሉ ሆኖ ካገኘሁት ነው የምደነግጠው" አሉ። ለምን? ዚንኩ ካልተበላ ሌላ ነገር እየተበላ ነው ማለት ነዋ። ይህን ሲሉ ጣታቸውን አነሡብኝ፤ ዚንኩን ያላየሁት እኔ የሆንኩ ይመስል።

የምር ፈተናው የመጣው በሚያዝያ 1969 ነው። ደርግ የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎች አስወጣ፤ የጦር ዕርዳታውም ተቋረጠ። ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ሲፋፋም ሶቭየቶች ገቡ፤ ኋላ ላይ የነሱ ፍሪጌቶችና ሚሳይል ጀልባዎች የባሕር ኃይሉን ሞሉት። "ኢትዮጵያ" ግን አሜሪካዊት ነበረች፤ ከመሐላቸው ብቻዋን ቀረች። የሩሲያ ብሎን በአሜሪካ ኢንች አይገባም። ያም ሆኖ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ አገልግሎት ላይ ቆየች። ስለዚች መርከብ የሚጻፈው ሁሉ በዓሉንና ንጉሡን ነው የሚያነሣው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ታሪኳ ይኸኛው ነው።

እንዴት ቆየች ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ "ቶርኖ።" የሚቀረጸው ይቀረጻል፤ ጓርኒሲዮኑ ከወፍራም ካርቶን ይቆረጣል፤ የማይቀረጸው ደግሞ ከአንዱ ተነቅሎ ለሌላው ይሰጣል። አንዱን ሞተር ለሌላው መኖ ማድረግ መካኒክን የሚያሳምም ውሳኔ እንደሆነ ከፊታቸው አይቻለሁ። ወጣቶቹ ባሕረኞች ይጠሏቸው እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል። ጣት ላይ ቀለበት አያስደርጉም፤ የዘይት ጨርቅ ኪስ ውስጥ አያስከትቱም፤ መፍቻ ያጎደለ ልጅ ዕረፍቱን ትቶ ሲፈልግ ያድራል። "ልጆቹ መርከቧ ውስጥ ገብተው ነው እንጂ ስር ያለውን ባሕር አላዩትም" አሉኝ። መሬት ላይ መኪና ቢቆም ወርደህ ጋራዥ ትጠራለህ፤ ዳህላክ አልፈህ ሞተር ቢቆም የምትጠራው ጋራዥ ራስህ ነህ።

ምፅዋ በየካቲት 1982 ወደቀች። በግንቦት 1983 አሰብም ስትያዝ የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ወደቦች ሸሹ፤ "ኢትዮጵያ"ም የመን ደረሰች። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረት ጥራጊ ተሸጠች። የመን ያስወጣቻቸው ሌሎቹ መርከቦች ጅቡቲ ገብተው፣ የወደብ ኪራይ ተከምሮባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በጨረታ ተሸጡ። ስለዚያ የየመን ጉዞ ቺፍን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቴም ሻይ ጨምር ነው ያሉኝ። አገሪቱ በ2011 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን ዳግም ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስትፈራረም ዜናውን እኔ ነበርኩ የነገርኳቸው። "ሞተሩን የሚይዘው ማነው?" ብቻ አሉ። ባሕር ዳር የማሪታይም ትምህርት የሚማሩ ልጆች እንዳሉ፣ በንግድ መርከቦች ላይም በኢንጂነርነት እንደሚቀጠሩ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ያላቸው ይመስለኛል፤ በእሳቸው ፊት ላይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ከሰገነታቸው ላይ ባቡሩ በድልድዩ ሲያልፍ ይታያል። ወዲያ ማዶ ኦልድ ኤርፖርት ነው፤ ቦሌ ሳይሠራ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው የልደታው ሜዳ ነው ለሰፈሩ ስሙን የሰጠው። አልፎ አልፎ ሄሊኮፕተር በላያችን ሲያልፍ ቺፍ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ እስኪርቅ ያዳምጡታል፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ኩሽኔታው ከመርካቶ ተገዝቶ መጣ። አዲስ ሞተር ቢገዛ ኖሮ የሚጠየቀው ገንዘብ ከመዋጮው ሂሳብ ተሰረዘ። ቺፍ ራሳቸው ገጥመው፣ ብሎኑን አጥብቀው፣ አስነሡት፤ ካቻቢቴውን እንደገና ጆሯቸው ላይ አደረጉ። መሣሪያውን አንድ ሁለት ብለው ቆጥረው ጨርቅ ላይ ደረደሩ። ከዚያ ከኪሳቸው ባለ አርባ ስምንት ገጽ የተማሪ ደብተር አወጡ። ፓምፑ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ በሰዓትና በቀን ተጽፏል፤ የተቀየረው ጎማ፣ መብራት የጠፋበት ሌሊት፣ ውኃ ሳይኖር ያስነሣው ሰው ቤት ቁጥር ሳይቀር። የዛሬውን በቀስታ ጻፉ፤ ምስክር ብለውም ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ፈረምኩ።

"አላነበብከውም" አሉኝ፤ ፊርማዬን ሰርዘው ደብተሩን መልሰው ሰጡኝ።