ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን የሚገነባ ፕሮግራም

ጄሴንተር የተባለው የላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ማከማቻ ሊዘጋ መሆኑ የተነገረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ነበር። ባለቤቱ በእስራኤል የተመሠረተው ጄፍሮግ ኩባንያ ነው። አዲስ ፕሮጀክት በተከፈተ ቁጥር አንድሮይድ ስቱዲዮ የዚህን ማከማቻ ስም ለዓመታት በራሱ ጽፎ ያስገባ ስለነበር፣ በየአገሩ የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ሳያስቡበት ይገለገሉበት ነበር። ዜናው ሲሰማ የፕሮጀክት ፋይል እየከፈቱ የማከማቻውን ስም መቀየር፣ እዚያ ብቻ የነበሩ ላይብረሪዎችንም ከሌላ ቦታ ማፈላለግ ግድ ሆነ። ኩባንያው የቆየውን ክምችት ለሚያወርዱ ሰዎች ክፍት አድርጎ ባያቆይ ኖሮ፣ አንዲት መስመር ያልተነካችበት ኮድ ሁሉ በአንድ ቀን ፕሮግራም መሆን በተሳነው ነበር።

ፕሮግራመር የሚጽፈው ኮድ እንዳለ ስልክ ወይም ሰርቨር ላይ አይሠራም። ኮምፓይል ይደረጋል (ማሽን ወደሚያነበው ቋንቋ ይተረጎማል)፣ ሌሎች ሰዎች ከጻፏቸው ላይብረሪዎች ጋር ይጣመራል፣ ይፈተሻል፣ ይታሸጋል። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚያስኬደው ቢልድ ቱል ነው። የትኛው ይመረጥ ሲባል ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ ፍጥነት ይሆናል። ፍጥነት ዋጋ አለው። ከሁሉ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ከሥራው ለቆ፣ ኢንተርኔትም በተቋረጠበት ቀን፣ ከዚያው ኮድ ያው ፕሮግራም ይወጣል ወይ?

ይህ ጥያቄ በእስራኤል ያሉ አዲስ ፕሮግራመሮችንም ይመለከታል። ከክርያት ሞጽኪን ከተማ በባቡር ተሳፍሮ ሖፍ ሃካርሜል ጣቢያ የወረደ ሰው፣ ማታም የተባለውን የሐይፋ የቴክኖሎጂ ሰፈር አጠገቡ ያገኘዋል። ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የዲዛይን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈተው በዚችው ከተማ ሲሆን፣ አይቢኤም በ1981 ባወጣው የግል ኮምፒውተር ውስጥ የገባው 8088 ፕሮሰሰርም እዚሁ የተነደፈ ነው። ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ በሙሴ ዘመቻ ወይም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች ዛሬ ወደዚህ ሙያ እየገቡ ነው፤ ቴክ ካሪየር የተባለው ድርጅትም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የዚህን ማኅበረሰብ ወጣቶች ሲያሠለጥን ቆይቷል። ሥልጠና በአብዛኛው የሚያተኩረው በፕሮግራም ቋንቋው ላይ ነው። ኮዱን የመገንባቱ ሥራ ግን ከሥራ ባልደረባ በቃል የሚወረስ ነገር ሆኖ ይቀራል። ይህ ሊታረም ይገባዋል፤ አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ቀን የሚታዘዘው ሥራ ኮዱን ማሽኑ ላይ አውርዶ መገንባት ነውና።

የቢልድ ቱል ታሪክ የሚጀምረው ከብስጭት ነው። በ1976 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ተመራማሪ ስህተት ሲፈልግ ረፋዱን ያሳልፋል። በኋላ እንደደረሰበት ግን ስህተቱን ቀድሞ አርሞታል፤ ያላደረገው ነገር ቢኖር የታረመውን ፋይል እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። እየተራገመ ወደ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ፌልድማንም ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ተመሳሳይ ጣጣ ገጥሞት ነበርና፣ በሳምንቱ መጨረሻ ሜክ የተባለው ቢልድ ቱል ተወለደ።

ሜክ የሚያየው ፋይሎች የተለወጡበትን ሰዓት ነው። የኮዱ ፋይል ከውጤቱ በኋላ ተነክቶ ከሆነ ያንን ክፍል ብቻ እንደገና ይሠራል፣ ያልተነካውን ይተወዋል። ለድግስ ከተሠራው አንዱ ወጥ ጨው ቢያንሰው እሱን ማስተካከል እንጂ እንጀራውን ሁሉ እንደ አዲስ መጋገር አያስፈልግም። ፌልድማን ለዚህ ሥራው በ2003 ኤሲኤም የተባለውን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት ተቀብሏል፤ የሊነክስ ከርነል ዛሬም የሚገነባው በሜክ ነው።

ጃቫ ሲስፋፋ የራሱን መሣሪያዎች አመጣ። ጄምስ ዱንካን ዴቪድሰን የቶምካትን ሰርቨር ለመገንባት የሠራው አንት በ2000 ለብቻው ወጣ። ሥር ነቀሉን ለውጥ ያመጣው ግን በ2004 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ሜቨን ነው። ፕሮግራመሩ የሚፈልገውን ላይብረሪ ስምና እትም ብቻ ይጽፋል፤ ሜቨን ላይብረሪውን፣ ላይብረሪው የሚፈልጋቸውን፣ እነሱም የሚፈልጓቸውን ሜቨን ሴንትራል ከተባለው ማከማቻ እየለቀመ ያመጣል። በ2012 አንደኛ እትሙ የወጣው ግሬድል ይህንኑ ከፈጣን ሥራና እንደልብ ከሚታዘዝ የአጻጻፍ ስልት ጋር አጣመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ጉግል ለአንድሮይድ መረጠው።

ሜቨንንና ግሬድልን ለማወዳደር የሚበቃ አንድ ነጥብ እነሆ። አንድ ፕሮጀክት አንዱን ላይብረሪ በሁለት መንገድ፣ በሁለት የተለያየ እትም ቢጠራው፣ ሜቨን በጥገኝነት ሰንሰለቱ ላይ ለፕሮጀክቱ የቀረበውን እትም ይወስዳል። ግሬድል ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ አዲሱን ይመርጣል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ቡድን፣ ኮዱን ሳይነካ የተለየ ፕሮግራም ሊወጣለት ይችላል።

የኢትዮጵያ ፕሮግራመሮች በውጭ ማከማቻ ላይ ያለውን ጥገኝነት በሌላ መልኩ ያውቁታል። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሜቨንም ሆነ ግሬድል አዲስ ላይብረሪ ማምጣት አይችሉም። ሁለቱም ከመስመር ውጭ የመሥራት ትእዛዝ አላቸው፤ ትእዛዙ የሚጠቅመው ግን አስቀድሞ ማሽኑ ላይ የወረደው ነገር ሁሉ ሲሟላ ነው። አዲስ የተገዛ ላፕቶፕ ባዶውን ነው።

መፍትሔው የቆየ ነው፦ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የራስ ማከማቻ ማቆም። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ላይብረሪ እዚያ ይቀመጣል፣ ሌሎች ማሽኖች ከዚያ ይወስዳሉ። እስራኤላዊው ዮአቭ ላንድማን በ2006 የጀመረው አርቲፋክቶሪ ይህን የሚሠራ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተቋቋመው ጄፍሮግም በእሱ ላይ ቆመ። ነጻ እትም ያለው ኔክሰስም ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ለባንክ፣ ለሆስፒታል ወይም ለዩኒቨርሲቲ አንድ ተራ ሰርቨር ለዚህ መመደብ፣ ስለ መሣሪያ ምርጫ ከሚደረጉ ብዙ ስብሰባዎች ይበልጣል።

ነገሩ የአንድ ቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የኢትዮጵያ የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ኮድ ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ፣ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተዋቀረ፣ በአብዛኛው በጃቫ የተጻፈና በሜቨን የሚገነባ ነው። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያልፍበት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ዲኤችአይኤስ 2ም እንዲሁ በጃቫ ተጽፎ በሜቨን ይገነባል። ክፍት ኮድ የአገር ሀብት የሚሆነው ግን በአገር ውስጥ ካሉ ባለሙያዎች እጅ፣ በአገር ውስጥ ካለ ማከማቻ፣ እንደገና መገንባት ሲችል ነው።

ለግንባታው ትኩረት የሚሰጥበት ሌላው ምክንያት ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በታወቀው፣ ሶላርዊንድስ በተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ ላይ በደረሰው ጥቃት፣ ሰርጎ ገቦች የኩባንያውን የኮድ ማከማቻ አልቀየሩም። ኦሪዮን የተባለው ምርት በሚገነባበት ቅጽበት አንድ ፋይል ተክተው፣ ግንባታው ሲያበቃ የቀድሞውን መለሱ። በኩባንያው ፊርማ የታሸገውን ምርት ወደ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች ተቀብለውታል ተብሎ ተገመተ። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ሎግፎርጄ በተባለ የጃቫ ላይብረሪ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝ ደግሞ፣ ላይብረሪው እነሱ ዘንድ ይኑር አይኑር የማያውቁ ድርጅቶች ተጨነቁ። ቢልድ ቱሉ የጥገኝነት ዛፉን እንዲዘረዝር ማዘዝ የሚያውቁት ግን መልሱን ወዲያው አገኙ።

እንግዲህ የቱ ይመረጥ? በሲ ቋንቋ ለተጻፈ ትንሽ ፕሮጀክት ሜክ ይበቃል። ሰው ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት የመንግሥት ወይም የባንክ የጃቫ ሥራ ሜቨን ይሻላል፤ ድርቅ ያለ አሠራሩ አንዱ የተወውን ሌላው በቀላሉ እንዲያነብ ያደርጋልና። ለአንድሮይድ ምርጫው ግሬድል ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዱን ክፍት ያደረገው ባዝል የተባለው ቢልድ ቱል ሰዓት ሳይሆን የፋይሉን ይዘት ይመረምራል፣ እያንዳንዱን እርምጃም ካልተፈቀደለት ነገር አግልሎ ያስኬዳል። ለትዕግሥተኛና ለትልቅ ቡድን ድንቅ ነው፤ አምስት ሰው ላለበት ቢሮ ሸክሙ ይከብዳል።

ምርጫው ከመጽደቁ በፊት የሚደረግ ፈተና አለ። ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ይወሰድና ኮዱ፣ መሣሪያውና የድርጅቱ ማከማቻ ብቻ ይሰጠዋል። የውጭው መስመር ይነቀላል። ፕሮግራሙ ሁለት ጊዜ ከባዶ ይገነባል፣ የሁለቱ ውጤት ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር መለያ) ይነጻጸራል። ሃሹ ካልገጠመ መጀመሪያ መታየት ያለበት በታሸገው ፋይል ውስጥ የገባው የግንባታ ሰዓት ነው፤ ሜቨንም ግሬድልም ይህን ልዩነት የሚያስቀር ቅንብር አላቸው።